ማኅበራዊ ተነሳሽነቱ አነስተኛ ነው የተባለ ልጅ ሰው አይፈልግም ማለት ነው?

የባሮክ እናት (ሜሪላንድ)

ጤና ይስጥልኝ።

ልጄ ባሮክ 14 ዓመቱ ነው። ኦቲዝም እንዳለበት የተነገረን 4 ዓመት ሲሞላው ሲሆን ዛሬ 8ኛ ክፍል ደርሷል፤ እንግሊዝኛ አቀላጥፎ ይናገራል፣ አማርኛውን ሁሉ ይሰማል፣ ሲያሻው ይመልሳል። የባቡር ካርታ ከመጽሐፍ ሁሉ ይበልጥበታል፤ የዋሽንግተን ሜትሮን ስድስት መስመሮች ከነጣቢያዎቻቸው በቃሉ ወጥቷቸዋል።

ባለፈው ወር በትምህርት ቤቱ በኩል አንድ ደብዳቤ ደረሰን። በአቅራቢያችን ያለ ዩኒቨርሲቲ ኦቲዝም ያለባቸውን ወጣቶች አንጎል በኤምአርአይ መሣሪያ ለማጥናት ፈቃደኛ ቤተሰቦችን እንደሚፈልግ ይገልጻል። እስከዚህ ድረስ በደስታ ነበር ያነበብኩት። ነገር ግን የጥናቱ ዓላማ በኦቲዝም ላይ የሚታየውን የማኅበራዊ ተነሳሽነት ማነስ በአንጎል ምላሽ መለካት እንደ ሆነ ከሚናገረው ዐረፍተ ነገር ስደርስ ደብዳቤውን አጥፌ አስቀመጥኩት፤ እስከ ዛሬም አልፈረምኩም።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ባሮክ እንግዳ ይመጣል ሲባል ከአንድ ሰዓት በፊት መስኮት ላይ ይቆማል። እንግዶቹ ገብተው መሳሳሙ፣ የዕጣኑ ጢስና የቡናው ጨዋታ ሲጀምር ግን ወደ ክፍሉ ይወጣል። ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ወርዶ ማን የት እንደ ተቀመጠ፣ ማን ምን እንዳለ፣ አጎቱ በምን እንደ ሳቀ አንድ በአንድ ይጠይቀኛል። ይህን ልጅ ሰው የማይሻ ነው በሚል ወረቀት ላይ ልፈርም? አያቱ ከደሴ መጥተው በነበረ ጊዜ ደግሞ ዓይኑን ወደ መሬት የሚጥለው ከጨዋነት የተነሣ መስሏቸው ሲያመሰግኑት ከረሙ፤ በምርመራው ወረቀት ላይ ያው ጠባይ ከጉድለት ተቆጥሮ ተጽፏል።

ልጠይቅ የፈለግኩት እንዲህ ዓይነት ጥናት በእርግጥ የሚለካው ምን እንደ ሆነ፣ አንጎሉ ለሰው ፊት ደካማ ምላሽ ሰጠ ቢባል ልጄ ሰው አይፈልግም ማለት ይሆን እንደ ሆነ፣ እንዲሳተፍ ብፈቅድም አስቀድሜ ምን ምን ማወቅ እንደሚገባኝ ነው። የምታውቁ ጊዜ ወስዳችሁ ብትመልሱልኝ ውለታችሁን አልረሳም።


ሕሊና (ቦስተን)

ውድ የባሮክ እናት፣

የአንጎል ሳይንስ የዶክትሬት ተማሪ ነኝ። ልጆችን ወደ ኤምአርአይ መሣሪያው ከሚያስገቡትና ውጤቱን ከሚተነትኑት አንዷ ስለ ሆንኩ ደብዳቤው ለምን እንዳስከፋዎት ይገባኛል። ያ ሐረግ ከአንድ ንድፈ ሐሳብ የተወሰደ ነው፤ ንድፈ ሐሳቡን ካወቁት ቃሉ የሚናገረውንም የማይናገረውንም ለመለየት ይቀልልዎታል።

እ.ኤ.አ. በ2012 ኮራሊ ሼቫሊዬና ሮበርት ሹልትዝ ከሦስት ባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጽሑፍ የኦቲዝም የማኅበራዊ ተነሳሽነት ንድፈ ሐሳብ የተባለውን አጸኑት፤ ጄራልዲን ዶውሰንም ከዚያ ቀደም ብላ ተቀራራቢ ሐሳብ አቅርባ ነበር። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ሕፃን ልጅ የእናቱን ፊት ሲያይና ድምፅዋን ሲሰማ በአንጎሉ ውስጥ ያለው የሽልማት ሥርዓት ደስታ ይሰጠዋል፤ ደስታው ደጋግሞ እንዲያይ ይገፋፋዋል፤ ደጋግሞ በማየቱም ፊት ማንበብን፣ ስሜት መለየትን፣ ተራ ጠብቆ መጫወትን ይለምዳል። ኦቲዝም ባለበት ልጅ ላይ ያ የመጀመሪያው ግፊት ደከም ካለ ልምምዱ ያንሳል፤ ልምምዱ ሲያንስ ችሎታው ወደ ኋላ ይቀራል። እንግዲህ ንድፈ ሐሳቡ ልጆቹን ለመንቀፍ የተነሣ አልነበረም። ከዚያ በፊት የሰውን ሐሳብ መረዳት አይችሉም ይባል የነበረውን፣ መረዳትን የሚያለማምዳቸው ግፊት አነሰ ወደሚል ለማዞር የተደረገ ጥረት ነበር።

አለካኩ ደግሞ ይህን ይመስላል። ልጁ መሣሪያው ውስጥ በጀርባው ተኝቶ ስክሪን ይመለከታል፤ ምልክት ብቅ ሲል ቶሎ ብሎ ቁልፍ ይጫናል። ሲሳካለት አንድ ጊዜ ፈገግ ያለ ሰው ፎቶግራፍ፣ ሌላ ጊዜ የገንዘብ ሥዕል ይታየዋል። መሣሪያው የነርቭ ሕዋሳትን ሥራ በቀጥታ አያይም፤ የሚከታተለው ሥራ ወደ በዛበት የአንጎል ክፍል የሚጎርፈውን ኦክስጅን የተሸከመ ደም ነው፣ የደሙም ለውጥ ጎልቶ የሚታየው 5 ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው። ተመራማሪዎቹ በተለይ የሚያተኩሩት ቬንትራል ስትራያተም በሚባለው፣ ዶፓሚን የተባለው የአንጎል መልእክተኛ ኬሚካል በብዛት በሚደርሰው ጥልቅ የአንጎል ክፍል ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ከሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት ኦቲዝም ያለባቸው ወንዶች ልጆች በዚህ ክፍል ለማኅበራዊ ሽልማት ያሳዩት ምላሽ ከሌሎቹ ልጆች ያነሰ መሆኑን ዘገበ፤ ንድፈ ሐሳቡም ከዚህ ዓይነቱ ውጤት ጉልበት አገኘ።

ነገሩ ግን በዚያ አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፣ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ አድርጎ የመረመረ ትንተና ልዩነቱ ለማኅበራዊ ሽልማት ብቻ ሳይሆን ለገንዘብም እንደሚታይ አሳየ። ይህ ትልቅ ነጥብ ነው፤ አንጎሉ የሚቀዘቅዘው ለሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ ንድፈ ሐሳቡ ሳይነካ ይጸና ነበር፣ ለገንዘብም ከቀዘቀዘ ግን ጉዳዩ ሰውን አለመፈለግ መሆኑ ይቀርና ሽልማት የተባለውን ሁሉ የሚያስተናግድበት መንገድ የተለየ ወደ መሆኑ ያመራል። ያው ትንተና ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች አጥብቀው የሚወዱት ነገር ሲቀርብላቸው ምላሻቸው ከሌሎቹ በልጦ እንደሚገኝም አመልክቷል። ስለዚህ ባሮክ በስክሪኑ ላይ ከማያውቀው ሰው ፈገግታ ይልቅ የሜትሮ ካርታ ቢታየው ሥዕሉ ሌላ መልክ ሊኖረው ይችላል።

ለዋናው ጥያቄዎ የምሰጠው መልስ አይደለም የሚል ነው። ስክሪኑ ላይ ፈገግ የሚለው ሰው ባሮክ የማያውቀው ባዕድ ነው፤ መስኮት ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ግን አጎቱን ነው። በተጨማሪም በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ኬንት ቤሪጅ ለብዙ ዓመታት ባካሄደው ምርምር መሻትና መደሰት በአንጎል ውስጥ አንድ ነገር እንዳልሆኑ፣ ዶፓሚንም ይበልጥ የሚያገለግለው መሻትን እንደ ሆነ አሳይቷል። ሰው የሚደሰትበትን ነገር ፈጥኖ ላይከተለው ይችላል፤ አጥብቆ የሚሻውንም ሲያገኘው ሊጨነቅበት ይችላል። ስትራያተም ላይ የሚታይ አንድ የደም መጠን ይህን ሁሉ አይለይም። ደግሞም የሚዘገበው የቡድን አማካይ ነው፤ የሁለቱ ቡድኖች ልጆች እርስ በርስ እጅግ ይደራረባሉ፣ በአንጎል ምስል ብቻ አንድን ልጅ ኦቲዝም አለበት ወይም የለበትም ለማለትም አይቻልም።

ስለ መሳተፉ፦ ለምርምር የሚደረገው እንዲህ ያለው ምርመራ ጨረር የለውም፣ መድኃኒት በደም ሥር መስጠትም አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልገውም። ድምፁ ግን ከ100 ዴሲቤል በላይ ስለሚሄድ የጆሮ መከላከያ ግዴታ ነው፤ ለድምፅ ለሚሳቀቅ ልጅ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። የልምምድ መሣሪያ እንዳላቸው ይጠይቁ፤ ብዙ ቤተ ሙከራዎች ልጁ ከዋናው ቀን በፊት የሚለማመድበት የማይሠራ መሣሪያ አላቸው። የጥርስ ማስተካከያ ብረት ካለው አስቀድመው ይንገሯቸው። ከሁሉም በላይ የእርስዎ ፊርማ ብቻ በቂ አይደለም፤ የልጁም እሺታ ይጠየቃል፣ መሃል ላይ በቃኝ ካለም ያለ ምንም ቅጣት ይወጣል።


የባሮክ እናት (ሜሪላንድ)

እኅቴ ሕሊና፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መሻትና መደሰት ይለያያሉ ያልሽው ቤቴን ያየሽ ያህል ሆኖ ተሰማኝ። አንድ ነገር ግን ገና አልገባኝም፤ ሰው ከፈለገ ሰዎቹ ሲመጡ ለምን ይሸሻል? አንጎሉ ያን ጊዜ ምን እያለ ነው?


አቤል (ጎንደር)

ውድ የባሮክ እናት፣ ይህን ጥያቄ እኔ ልመልስልዎ። 23 ዓመቴ ነው፤ ኦቲዝም እንዳለብኝ የታወቀው 19 ዓመት ሲሆነኝ አዲስ አበባ ለሕክምና በሄድኩበት ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ ቤተሰቤ ዓይነ አፋር፣ ጎረቤት ደግሞ ኩሩ ይለኝ ነበር።

የሰው ዓይን ሲያየኝ ችላ የሚባል ነገር አይመስለኝም፤ ይበዛብኛል። ፊት ለፊቴ ያለው ሰው የሚናገረውን ለመስማት ዓይኔን ከዓይኑ ማንሣት አለብኝ፤ ዓይኑን ካየሁ ቃሉ ያመልጠኛል። ይህ የእኔ ስሜት ብቻ አለመሆኑን ያወቅሁት ስለ አንጎል ጥናቶች ማንበብ ስጀምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት ኦቲዝም ያለባቸው ልጆችና ወጣቶች የሰውን ዓይን በተመለከቱ መጠን አሚግዳላ የተባለው የስሜት ክፍላቸው ይበልጥ እንደሚነቃ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ኑሺን ሃጂኻኒና ባልደረቦቿ ተሳታፊዎቹ የፊቱን የዓይን አካባቢ ብቻ እንዲመለከቱ ሲያደርጉ ከአንጎል ቅርፊት በታች ያለው ፊትን የሚያስተናግድ ሥርዓት ከልክ በላይ ሲነቃ አዩ። እንግዲህ ዓይን የሚያስነሣው ደንታ ቢስ አንጎል አይደለም፤ እጅግ የተነካ አንጎል ነው። የምሸሸው ሰውየውን ስለማልፈልገው ሳይሆን እንዲህ ሆኜ አጠገቡ መቀመጥ ስለማልችል ነው።

ጥምቀትን በጣም እወዳለሁ። ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ ሰው ሁሉ በመንገዱ ሞልቶ እየዘመረ ሲሄድ እኔ ከአጎቴ ቤት ሰገነት ላይ ሆኜ እመለከታለሁ። ከእነርሱ ጋር ነኝ፤ ማንም ግን ትከሻዬን አይገፋም። ባሮክም ደረጃው ላይ ሆኖ ጨዋታውን ይሰማ እንደ ሆነ ይመልከቱ፤ እኔ በልጅነቴ ከበር ኋላ ሆኜ ቡናው እስኪያልቅ ድረስ እሰማ ነበር፣ ቤተሰቤም ተኝቷል ይሉ ነበር።

ቪክራም ጃስዋልና ናሚራ አክታር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባቀረቡት ጽሑፍ ስለዚሁ ነው የተከራከሩት። ዓይን አለማየት፣ በጣት አለመጠቆም፣ ሰውነትን ደጋግሞ ማወዛወዝና የሰሙትን ቃል መደጋገም እነዚህ አራቱ ልጁ ለሰው ፍላጎት እንደሌለው ማስረጃ ሆነው ሲቆጠሩ ኖረዋል፤ እነርሱ ግን እያንዳንዱ ሌላ ምክንያት እንዳለው፣ ምክንያቱንም ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች ራሳቸው ሲናገሩት እንደ ኖሩ አስረዱ። ስለ ፍላጎታችን ከመሣሪያው በፊት እኛን መጠየቅ ይገባ ነበር የሚለውን እኔም በሙሉ ልቤ አምናለሁ።


የሶስና አባት (ስቶክሆልም)

ወንድሜ አቤል የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አከብርሃለሁ። ነገር ግን ይህን የተነሳሽነት ንድፈ ሐሳብ ጨርሶ እንድንጥለው የሚያደርግ ምክንያት አይታየኝም፤ በአባትነቴ የተጠቀምኩበት ሰው ነኝና።

ልጄ ሶስና በ2 ዓመቷ ስትጠራ ዞር አትልም ነበር። ከወለሉ ላይ አብረናት ተቀምጠን፣ የምትወደውን ኳስ ይዘን፣ በፊቷ ፊት ለፊት እየሳቅን፣ አንድ ጊዜ ባየችን ቁጥር ኳሱን እያንከባለልን መጫወት ያስተማሩን ከዚሁ ሐሳብ የተነሣ ነው። ጄራልዲን ዶውሰንና ሳሊ ሮጀርስ ያዘጋጁት የዴንቨር ሞዴል የተባለው የሕፃናት አሠራር እ.ኤ.አ. በ2010 ከ18 እስከ 30 ወር ባላቸው 48 ሕፃናት ላይ ተፈትኖ በአእምሮ ዕድገታቸውና በቋንቋቸው መሻሻል አሳይቷል፤ ከሁለት ዓመት በኋላም የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚለካውን ኢኢጂ በጭንቅላታቸው ላይ አድርገው ሲመዘግቡ፣ በዚያ አሠራር ያለፉት ልጆች አንጎላቸው ከዕቃ ይልቅ ለሰው ፊት ይበልጥ ሲመልስ ተገኘ። የአንጎል ምላሽ የሚለወጥ ነገር መሆኑን ያሳየን ይህ ነው። ሰው መፈለጉማ አለ ብሎ መተው በስንፍና እንዳይተረጎም እፈራለሁ።

ስለ ሴቶች ልጆችም አንድ ቃል ልጨምር። በአሜሪካ የሚወጣው ቆጠራ ኦቲዝም በወንዶች ላይ ከሴቶች 3 እጥፍ በላይ እንደሚመዘገብ ያሳያል፤ የአንጎል ጥናቶቹም አብዛኞቹ የተሠሩት በወንዶች ላይ ነው። ሴቶችን ለብቻ የተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት ግን ኦቲዝም ያለባቸው ሴቶች ወጣቶች ለማኅበራዊ ሽልማት የሚያሳዩት ምላሽ ኦቲዝም ካለባቸው ወንዶች የበረታ ሆኖ አግኝቶታል። ሶስና ዛሬ 13 ዓመቷ ነው። ቀኑን ሙሉ የጓደኞቿን አሳሳቅና አነጋገር እየቀዳች ትውላለች፤ ቤት ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋዋ ላይ ትወድቃለች። የእርሷ ችግር ፍላጎት ማጣት ነው የሚለኝ ሰው ቢኖር አንድ ቀን አብሯት ይዋል እላለሁ።


መምህርት ወይንሸት (አዲስ አበባ)

በልዩ ፍላጎት ትምህርት 16 ዓመት አስተምሬአለሁ። የባሮክ አያት ያሉትን እኔም በየጊዜው ከወላጆች አፍ እሰማለሁ። በእኛ አስተዳደግ ልጅ ትልቅ ሰውን ዓይን ለዓይን ትክ ብሎ ካየ ባለጌ ይባላል፤ አንገቱን ሰበር ሲያደርግ ይመረቃል። ስለዚህ ዓይን አለማየት እንደ ምልክት ሲቆጠር ልጁ በየትኛው ቤት እንዳደገ መጠየቅ ያስፈልጋል። እኔ ይበልጥ የማየው ልጁ አንድ ነገር ሲያስደስተው ለእናቱ ለማሳየት ዞር ማለቱን፣ ስሙ ሲጠራ መመለሱን፣ የሚወደውን ነገር ይዞ መምጣቱን ነው።

ሌላ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። በአዲስ አበባ 102 ተንከባካቢዎችን ያነጋገረ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ብዙዎቹ በልጃቸው ሁኔታ ምክንያት መገለልና ኀፍረት እንደሚደርስባቸው መዝግቧል፤ እኔም ከጓዳ ወጥተው የማያውቁ የ10 ዓመት ልጆች ተቀብዬ አውቃለሁ። ሰው ያልቀረበለት ልጅ ሰው መፈለጉ በምን ይታወቃል? አንጎል ምላሽ የሚሰጠው ለቀረበለት ነገር ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ፣ ለልጃቸው ቦታ አጥተው የከፈቱት ቤት ለብዙዎች የመጀመሪያው ከቤት መውጫ ሆነ። እርሳቸው ያደረጉት ይህ ነገር ከብዙ መለኪያ ይልቅ የልጆቹን ተነሳሽነት አሳይቶናል፤ በር ሲከፈት የሚገቡ ልጆች ነበሩ።

በክፍሌ የሠራልኝን ልናገር። ኮኒ ካሳሪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት በመደበኛ ክፍል ከሚማሩ 60 ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ጋር ሁለት መንገድ አነጻጽረው ነበር፤ አንደኛው ልጁን ለብቻው ማሠልጠን፣ ሁለተኛው የክፍል ጓደኞቹን ማሠልጠን። በክፍሉ ውስጥ የልጁን ቦታ ይበልጥ ያሻሻለው ጓደኞቹን ማሠልጠኑ ነበር። እኔም 3 ተማሪዎች መርጬ አንድ ነገር ብቻ አስተማርኳቸው፦ ጠይቃችሁት ዝም ካለ እስከ 10 ቁጠሩና ጠብቁ፣ ጥያቄውን አትደጋግሙ አልኳቸው። በወሩ መጨረሻ ልጁ በእረፍት ሰዓት የሚፈልጋቸው እነርሱን ሆነ።


ሕሊና (ቦስተን)

የሶስና አባት ያነሡት ተቃውሞ ትክክል ስለ ሆነ ልመልስበት። የዴንቨር ሞዴል ልጁ የሚወደውን ነገር ተከትሎ ስለሚሄድ ፍላጎቱ የለም ብሎ አይነሣም፤ ያለውን ፍላጎት ከሰው ጋር ያገናኘዋል። ንድፈ ሐሳቡ የሚሰናከለው ተነሳሽነት የጎደለው ነገር ነውና ከውጭ እንጨምርለት ሲባል ነው። ይህም ተሞክሯል። ኦክሲቶሲን የተባለውን፣ ከመቀራረብ ጋር የሚያያዘውን ሆርሞን በአፍንጫ እየረጩ ከ3 እስከ 17 ዓመት ባላቸው 290 ልጆችና ወጣቶች ላይ ለ24 ሳምንት የፈተነ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 ሲታተም፣ ሆርሞኑን ካገኙትና ሆርሞኑ የሌለበት መርጫ ከተሰጣቸው መካከል በማኅበራዊ ጠባያቸው ልዩነት አልተገኘም። ወላጆች ይህን መርጫ በኢንተርኔት እየገዙ እንደሚጠቀሙ ስለምሰማ ነው በተለይ ያነሣሁት።

አቤል የተናገረውን የሚደግፍ አንድ ጥናት ደግሞ በየሄድኩበት እጠቅሳለሁ። እ.ኤ.አ. በ2011 ኦቲዝም ያለባቸው ወጣቶች መሣሪያው ውስጥ ተኝተው ከሁለት ሌሎች ልጆች ጋር የኳስ ቅብብል በኮምፒዩተር እንዲጫወቱ ተደረገ፤ በመሃል ሁለቱ እርስ በርስ ብቻ እየተቀባበሉ ተሳታፊውን ይተዉታል። ከጨዋታው በኋላ ሲጠየቁ በመገለላቸው የተሰማቸው ሕመም ከሌሎቹ ወጣቶች እኩል ነበር። አንጎላቸው ግን ከእንዲህ ያለ ሕመም ጋር በሚያያዙት ክፍሎች ያሳየው ምላሽ ያነሰ ነበር። የአንጎሉን ምስል ብቻ ያየ ሰው አልተጎዱም ይል ነበር። ኒሪት ባውሚንገርና ኮኒ ካሳሪም ገና እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ከእኩዮቻቸው ይበልጥ ብቸኝነት እንደሚሰማቸው ራሳቸው ተናግረዋል። ሰው የማይሻ ልጅ ብቸኝነትን ከየት ያመጣዋል?

ጉድለቱ በአንድ ወገን ብቻ አለመሆኑንም ልብ በሉልኝ። ዴሚያን ሚልተን፣ እርሱ ራሱ ኦቲዝም ያለበት ምሁር፣ እ.ኤ.አ. በ2012 አለመግባባቱ የሁለት ወገን መሆኑን ጻፈ። ካትሪን ክሮምፕተንና ባልደረቦቿ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 አንድን ታሪክ ከሰው ወደ ሰው እያስተላለፉ ፈተኑት፤ ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች ብቻ የተሰለፉበት ሰንሰለት ታሪኩን ያስተላለፈው ኦቲዝም የሌለባቸው ብቻ ካሉበት ሰንሰለት ሳያንስ ነው፤ ታሪኩ ይበልጥ የጠፋው ሁለቱ በተደባለቁበት ነበር።

ለባሮክ የምመክረው እንግዲህ ከሜትሮው ይጀምራል። በካሊፎርኒያ ሮበርት ኮጀልና ባልደረቦቹ ለታዳጊዎች በምሳ ሰዓት ልጁ የሚወደውን ነገር ማዕከል ያደረገ ክበብ በትምህርት ቤት ሲያቋቁሙ፣ ከዚህ በፊት ብቻቸውን የሚበሉት ልጆች ከእኩዮቻቸው ጋር መነጋገር ጀመሩ። ክበቡ የልጁ ብቻ እንዲሆን አልተደረገም፤ ሌሎች ልጆችም የሚደሰቱበት ሆኖ ነው የተዘጋጀው። የትምህርት ዕቅዱን በምትወያዩበት ስብሰባ ላይ የባቡርና የካርታ ክበብ ይቋቋም ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ።


የባሮክ እናት (ሜሪላንድ)

ለሁላችሁም ምስጋናዬ ከልብ ነው። ወንድሜ አቤል፣ አንተ እንዳልከው ባለፈው ቅዳሜ ቡና ሳፈላ ቀስ ብዬ ወደ ደረጃው ተመለከትኩ። አምስተኛው ደረጃ ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ተቀምጦ ነበር። ምንም አላልኩም፤ አንድ ትራስ ብቻ አኖርኩለት።

ለተመራማሪዎቹ ጽፌ የሕሊናን ጥያቄዎች ጠየቅኋቸው። የልምምድ መሣሪያ እንዳላቸው፣ ልጁ በቃኝ ሲል እንደሚያስወጡት፣ በሥዕሎቹ መካከል ልጆቹ የሚወዷቸው ነገሮች እንደሚኖሩበት መለሱልኝ። ስለ ሐረጉም ጻፍኩላቸው፤ ማነስ የሚለውን ቃል ለወላጆች ከሚላከው ደብዳቤ እንዲያወጡት ለመንኳቸው፣ ገና አልመለሱም።

ደብዳቤውን ትናንት ማታ ለባሮክ አሳየሁት። መሣሪያው ስንት ዴሲቤል እንደሚጮኽ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። በየትኛው መስመር እንደሚኬድ ጠየቀኝ፣ በቀዩ መስመር ነው አልኩት። ትንሽ አሰበና እሺ አለ፤ አጎቱ አብሮት እንዲመጣና እስኪጨርስ ድረስ ውጭ እንዲጠብቀው እንድደውልለት ግን አዘዘኝ።